«ናቀን» ከማለታችን በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ጡረተኛ የጤና ባለሙያ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላይ ለመገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



የጭላሎ ነፋስ ሲነሳ ከእሳት ዳር መነሳት እንዴት እንደሚከብድ ለአሰላ ሰው አይነገርም። ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 3 ላይ «ከእስር ተመልሰው በመጠጥ ምክንያት ሰፈሩን ስለሚያውኩ ሰዎች» የሚል ጉዳይ ቀርቧል። የውሳኔው ሐሳብ፣ ሦስት ጊዜ ተመክሮ ያልተመለሰ ሰው ከዕድሩ መዝገብ ይሰረዝ፤ ማኅበሩም ለሥራም ሆነ ለሌላ ጉዳይ የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍለት የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሌሊት በሯ የተደበደበባት እናት እዚሁ ተቀምጣለች። ያበደረው ብር የቀለጠበት፣ ልጁ በመንገድ የተሰደበበት አባትም አለ። ቢሰለቹ አይፈረድባቸውም። እውነቱን ለመናገር ይህ ሐሳብ አምና ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፣ እጃቸውን አስቀድመው ከሚያወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ግን እጄን ከማውጣቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ሰው ያልተመለሰው ምክራችንን ንቆ ነው? ወይስ ምክሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ስላልቀረ ነው? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን አንድ አይደሉም። መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ቃል የጠየቅሁትም ለዚሁ ነው።

ሀ. እኔ ራሴ እንዴት እንደተሳሳትኩ

የማወራላችሁን ሰው ስም አልጠራም። ታሪኩን ለሰፈሩ እንድናገር እሱም እኅቱም ፈቅደውልኛል።

ሰውዬው ድሮ ጋሪ ነጂ ነበር። ፈረስ የሚያውቅ፣ ሥራ የማይፈራ ሰው ነው። እያደር አረቄ ለመደ። አንድ የገበያ ቀን ጠብ ተነሳና ራሱን በዱላ ተመታ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ተባለና ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቶሎ የሚቆጣ፣ የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ሆነ። መጠጡም ባሰ። በመጨረሻ እሱም በተራው በስካር ሌላውን ሰው ክፉኛ አቆሰለና ተፈረደበት። ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ በአመክሮ ተፈታ።

ሲመለስ በእሱና በተጎጂው ቤተሰብ መካከል ለሽምግልና ተቀመጥን። በእኛ አገር ጃርሱማ የተከበረ ነገር ነው። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሦስት ነገር አስማልነው፤ አረቄ እንዳይቀምስ፣ ካሳውን በየወሩ እየቆጠረ እንዲከፍል፣ በየቅዳሜው ጧት እኛ ዘንድ እየመጣ እንዲታይ። አልቅሶ ማለ። እኛም መረቅነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝተን ስንጠይቀው፣ «ሁሩታ ለቅሶ ሄጄ ነው» አለን። ማን እንደሞተ፣ ማን ድንኳን እንደጣለ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ዘርዝሮ ነገረን። ሰው ልከን ስናጣራ ለቅሶ የሚባል የለም። በሦስተኛው ሳምንት የካሳውን ብር ይዞ መጣ። የመጣው ግን እሑድ ነው። ማንንም ሳያገኝ ተመለሰ፤ ብሩም እዚያው በመንገድ ላይ አለቀ። እንግዲህ በእኛ ዓይን ነገሩ ግልጽ ነበር። ቃል አጥፏል፤ በሽማግሌ ፊት ዋሽቷል፤ የተጎጂውን ብር ጠጥቷል። «ይህ ሰው ንቆናል» የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ በገዛ እጄ ነኝ።

በዚያው ቀን ማታ እኅቱ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ ለምን ለቅሶ ሄድኩ እንዳለ አላውቅም። ያን ቀን ከቤት አልወጣም፤ ምሳውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን እያሾፈ አይደለም። ሲያወራው ያምነዋል» አለችኝ።

«ያምነዋል» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ሳይጠጣ ልያዘው ብዬ በማለዳ ሄድኩ። በደስታ ተቀበለኝ። ከሃያ ዓመት በፊት የነዳቸውን ፈረሶች ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። ከዚያ «እነዚህን ሦስት ቃላት ያዝልኝ» ብዬ በሬ፣ ቁልፍ፣ ሎሚ አልኩት። ደገማቸው። ከአምስት ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ብጠይቀው፣ ቃላቱ ቀርቶ መጠየቄም ጠፍቶበታል። ቡና ጠጥቼ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሲኒው ግን እጄ ላይ ነበር። ወሩን በሁለት ወር ሳተ። ተነስቶ ሲሸኘኝ፣ ሳይጠጣ እንደ ጠጣ ሰው እግሩን አስፍቶ ይራመዳል።

ወገኖቼ፣ እኔ 31 ዓመት በጤና ሥራ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። ይህ በሽታ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ «ንቀት» ብዬ ፈረምኩበት። እኔ ይህን ካደረግሁ፣ ያልተማረ ጎረቤት ቢሳሳት ምን ይደንቃል?

ለ. ልጓሙ የተበጠሰ ጋሪ

የሰው አንጎል ብዙ ሥራ አለው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉን ሁለት ናቸው። አንደኛው አዲስ ነገር መዝግቦ መያዝ ነው። ሁለተኛው በግንባራችን በኩል ያለው ክፍል የሚሠራው ሲሆን፣ አስቀድሞ ማቀድ፣ ማመዛዘን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስን መያዝ ነው። የጋሪ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ፈረሱ ጤነኛ፣ መንኮራኩሩ ጤነኛ፣ ነጂውም አቅጣጫውን ያውቃል እንበል፤ ልጓሙ ከተበጠሰ ግን ቁልቁለቱ ላይ ምን ይሆናል? የግንባሩ አንጎል የተጎዳበት ሰው እንዲሁ ነው። ደጉን ከክፉው ይለያል። ስትጠይቁት «መጠጣት መጥፎ ነው፤ ሰው መምታት ነውር ነው» ብሎ በትክክል ይመልሳል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን የሚይዘው የለም።

ይህ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ አገር ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በባሩድ ድንጋይ በማፈንዳት ሥራ ላይ ሳለ፣ ረጅም የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሳይሞት ተረፈ። መራመድ፣ መናገር፣ ማስታወስ ይችል ነበር። ነገር ግን ቀድሞ ጨዋና ታታሪ የነበረው ሰው ተሳዳቢና ዛሬ ያቀደውን ነገ የሚጥል ሰው ሆነ። ሐኪሙም ይህን ጽፎ አስቀረ። ወደዚህ ሰው ኋላ እመለሳለሁ፤ የታሪኩ መጨረሻ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለውና።

የራስ መመታት ከእስር ቤት ጋር ያለው ግንኙነትም ተጠንቷል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከእስረኞች ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ራሳቸውን ተመትተው የሚያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ በእስር ላይ ከሌለው ሕዝብ እጅግ የበዛ ነው። ልብ በሉ፤ ራሱን የተመታ ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰላማዊ ሆኖ ይኖራል። ዳሩ ግን በተጎዳ አንጎል ላይ መጠጥ ሲጨመርበት፣ በዚያ ላይ ረኀብና ሥራ ማጣት ሲታከልበት ነገሩ ይከፋል። እኛም አገር ዱላው አለ፤ ከፈረስ መውደቁ አለ፤ አሁን ደግሞ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት አደጋ ተጨምሯል።

ሐ. አረቄው፣ አተላውና ቫይታሚኑ

ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 6 ያህል ነው። አረቄ ግን ከመቶ 40 አካባቢ ይደርሳል፤ የሚያልፍም አለ። ከአርሲ ነገሌ የሚመጣውም ሆነ እዚሁ የሚወጣው በዚህ ረገድ አይለያይም። በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ አልኮሉ ራሱ አንጎልን ይጎዳል። ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። እሱም የቫይታሚን ቢ-1 እጥረት ነው፤ በሌላ ስሙ ታያሚን ይባላል።

ይህ ቫይታሚን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። የአርሲ ደጋ የሚታወቅበት ገብስም አለው። እንግዲህ ገብሱና ብቅሉ ተጠንስሶ አረቄ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። በቱቦው ተንኖ የሚወርደው አልኮሉና ውሃው ነው። ቫይታሚኑ አይተንም፤ የተረፈው ቢኖር አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላውን ደግሞ ለከብት እንሰጣለን። በአጭሩ ምግቡን ላሟ ትበላለች፤ ሰውዬው እሳቱን ይጠጣል። ጠጪ ሰው ደግሞ ምግብ አይበላም። የበላውንም ቢሆን አልኮሉ አንጀቱ ውስጥ ቫይታሚኑ እንዳይሰርግ ያውካል። በሰውነታችን ውስጥ የሚጠራቀመው ቢ-1 ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያቆይም።

ይህ ቫይታሚን ሲያልቅ የሚመጣውን ድንገተኛ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1881 ካርል ቬርኒክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ገለጸው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ መደነጋገር፣ እየተንገዳገዱ መራመድ፣ የዓይን መንቀጥቀጥ ወይም አቅጣጫ መሳት። ሦስቱም አብረው ላይታዩ ይችላሉ። አስቸጋሪው ነገር ምን መሰላችሁ? ሦስቱም ስካር ይመስላሉ። ስለዚህ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» እንላለን። በጊዜው ቢ-1 በመርፌ ካልተሰጠው ሰውዬው ሊሞት ይችላል፤ ከተረፈም ትውስታው ይጎዳል።

ይህን ቀሪውን ጉዳት ደግሞ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የተባለ የሩሲያ ሐኪም መረመረው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የድሮውን ያስታውሳል፤ የዛሬውን አይዝም። በትውስታው መካከል ባዶ ቦታ ሲያገኝ ሳያውቀው በወሬ ይሞላዋል። ከአልጋው ሳይወርድ መንገድ ሄጄ መጣሁ ይላል። የእኛ ሰው «ሁሩታ ለቅሶ ሄጄ ነው» ያለው ይኸው ነው። ለማታለል የሚዋሽ ሰው ጥቅም ይፈልጋል። ይህኛው ግን የጎደለውን ገጽ በማያውቀው እጅ ነው የሚጽፈው። እኛ በሽማግሌ ፊት ዋሸ ብለን አዋረድነው።

ወጣቶችም ስላላችሁ ስለ ሌሎቹ ሱሶች ባጭሩ ልናገር። በሆላንድ አገር ከአፍሪካ ቀንድና ከየመን የሄዱ ጫት ቃሚዎች ተፈትነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት፣ ሐሳብን ይዞ በማቆየትና ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው አእምሮን በማዞር ከማይቅሙት አንሰው ተገኝተዋል። ምርቃናውን ለመስበር በላዩ አረቄ የሚደርብ፣ ጨብሲ የሚል ወጣት ሁለቱንም ጉዳት ይሸከማል። ማስቲሽ የሚስቡ ልጆቻችን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ላይ ናቸው። በማስቲሹ ውስጥ ያለው ኬሚካል የአንጎልን የመገናኛ መስመሮች ይበላል። መንገድ ዳር ተቀምጦ ስትጠሩት ዞር የማይለው ልጅ ባለጌ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

መ. «ታዲያ ጥፋቱ ይቅር ይባል?» ለምትሉ

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ላይ ደግሞ የወጋው በእውነት ረስቶታል። የተወጋው ግን ቁስሉን እያየ ይኖራል። የእሱን ዕዳ የሚሰርዝ በሽታ የለም።

ሕጋችንም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ላይ ጭፍን አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 ላይ፣ በሕመም ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት የሚሠራውን ነገር ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግዛት ጨርሶ ያልቻለውንና በከፊል ያልቻለውን ሰው ለይቶ ያያል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ወንጀል ለመፈጸም ሲል አስቦ የሰከረ ሰው በዚህ ሊከለል እንደማይችል ይደነግጋል። ጥርጣሬ ሲኖር የባለሙያ ምርመራ እንዲደረግ አንቀጽ 51 ያዛል። ይኸውም ውሳኔው የፍርድ ቤትና የሐኪም ነው እንጂ የእኔም የእናንተም አይደለም። እኔ የምናገረው ከፍርድ በኋላ ስላለው ነው። ሰውዬው ቅጣቱን ጨርሶ ወይም በአመክሮ ተፈትቶ ወደዚህ ሰፈር ተመልሷል። የአመክሮውን ግዴታ ካፈረሰ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል። ግዴታው ደግሞ ቀን አስታውስ፣ ቃልህን ጠብቅ፣ ራስህን ግዛ የሚል ነው። እነዚህ ሦስቱ የተጎዳው አንጎል የማይችላቸው ነገሮች ናቸው። ሳንረዳው የተውነው እንደሆነ ዳግመኛ ያጠፋል፤ ዳግመኛም የሚጎዳው ከእኛው አንዱ ነው። ስለሆነም የምጠይቀው ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ሌሊት በሯ ለሚደበደብባት እናትም ነው።

በቤት ውስጥ ሚስቱን ወይም ልጆቹን የሚመታ ካለ ዝም አይባልም። ለፖሊስ ይነገር፤ ቤተሰቡ ወደሚድንበት ቦታ ይወሰድ። የሲንቄ እናቶች በትራቸውን ይዘው የሚቆሙት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነውና፣ «ታሟል» የሚለው ቃል የእነሱን አፍ ማዘጊያ እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ሠ. ምን እናድርግ?

1ኛ/ እንለይ። ሳይጠጣ በማለዳ እንየው። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል ወይ? ቀንና ወር ይስታል ወይ? ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ያወራል ወይ? ሳይሰክር ይንገዳገዳል ወይ? ራሱን ተመትቶ ያውቃል ወይ? ከእነዚህ ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ትረዳናለች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ አማኑኤል ካልተሄደ አይሆንም የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቀስ ብሎ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደምም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ መጠጥ ነው ብለን ራሳችን ደምድመን ቤት አናስቀረው።

2ኛ/ በድንገት አናስከልክል። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣን ሰው ቤት ቆልፎ ማስተው ሊገድለው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ቅዠትና ትኩሳት ሊመጣበት ይችላል። የሚተወው በሐኪም ክትትል ይሁን።

3ኛ/ «ጉሉኮስ ይተከልለት» ከማለታችን በፊት ጠጪ መሆኑን እንናገር። አፍረን እንደብቃለን። ቢ-1 ባለቀበት ሰው ላይ ጉሉኮስ ብቻውን ሲገባ ጉዳቱ ሊባባስ ይችላል። ለባለሙያው «ይጠጣል፣ ምግብም አይበላም» ብሎ መናገር ቫይታሚኑ አብሮ እንዲሰጠው ያደርጋል።

4ኛ/ ምክራችንን እንለውጥ። አንድ ሰዓት የፈጀ ተግሣጽ እንዲህ ላለው ሰው ምንም አይሆንለትም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር፤ አጭር፤ በማለዳ። ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍ፤ ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት፤ በየሳምንቱም ይደገም። ቀጠሮ ሲኖር አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ሄዶ ይዞት ይምጣ። ሲረሳ አንቆጣው፤ እናስታውሰው። ካሳውን ፈቅዶ ከቀን ደመወዙ ላይ በእኅቱ ወይም በዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል ቢከፍል፣ ብሩ በመንገድ አያልቅም፤ ተጎጂውም ገንዘቡን ያገኛል።

5ኛ/ የቀን ሥራ ዋጋ በአረቄ አይከፈል። እንጨት አስፈልጦ፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ በመለኪያ የሚሸኝ ሰው በመካከላችን አለ። ምሳ ይስጠው፤ ብሩንም ይቁጠርለት።

6ኛ/ አረቄ ለሚሸጡ እናቶቻችን። ልጆቻችሁን የምታሳድጉበት እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልወቅሳችሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልለምን። ሳይቀምስ ለሚመጣ ሰው ቁርስ ሳይበላ አትቅዱለት፤ በዱቤም አትስጡት። ለልጆች መሸጥ ደግሞ ልመና የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል።

ረ. ተስፋ አለ ወይ?

አለ፤ ግን አላጋንንም። መጠጥ ያቆመ ሰው አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማገገም ይጀምራል፤ መሻሻሉም ለወራት፣ አልፎም ከዓመት በላይ ይቀጥላል። የኮርሳኮፍ ሕመም የያዛቸው ብዙዎቹ በከፊል ይሻላቸዋል፤ ጨርሶ የማይሻላቸውም አሉ።

ወደ ፊኒየስ ጌጅ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ያ ዘንግ አንጎሉን የበሳው ሰው ከአደጋው ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቺሊ አገር ሄዶ ለበርካታ ዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ነጂ ሆኖ ሠራ። ታሪኩን እንደገና የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ በአንድ መንገድ መሄድ፣ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት የጎደለውን ልጓም ተክቶለት ሳይሆን አይቀርም። ከውስጥ የጠፋው ልጓም ከውጭ ሊታሰር ይችላል ማለት ነው።

የእኛም ጋሪ ነጂ ዛሬ በኪሱ አንዲት ካርቶን አለች። በላይዋ «ቅዳሜ ጧት፣ ሽማግሌዎች ዘንድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጀርባዋ የኪኒኑ ሰዓት አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኅቱ በር ላይ ታደርሰዋለች። ሕክምና ከጀመረ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠጥቷል፤ አልደብቅም። የካሳው ብር ግን ካለፉት አራት ወራት ወዲህ አልተቋረጠም። ሦስቱ ቃላትስ? ባለፈው ቅዳሜ ጠየቅሁት። «ቁልፍ» አለኝ። በሬውና ሎሚው ገና ናቸው። እኔ ግን በዚያች በአንዷ ቃል ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የጻፍኩትን ወረቀት ቀድጄ በአዲስ ተክቼዋለሁ። ለእሱም ለሽማግሌዎቹም ይቅርታ ጠይቄአለሁ። እሱ ለምን ይቅርታ እንደጠየቅሁት አላስታወሰም።

ስለዚህ ከስብሰባው የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንም ሰው ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ «ይህ ሰው ታይቷል ወይ?» ታይቶ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና ካጠፋ፣ ደንቡ ይፈጸምበት። ሳይታይ ግን ስሙን አንሰርዝ። ዕድር ስንመሠርት ቀባሪ እንዳናጣ ብለን ነው። በቁም እያለ አስታዋሽ ያጣውንም እንቁጠርበት።



(ማሳሰቢያ፦ ስብሰባው በአጀንዳ ተራ ቁጥር 3 ላይ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ተወያይቶ፣ «ከመሰረዙ በፊት በጤና ባለሙያ እንዲታይ ይደረጋል» የሚለው ቃል ተጨምሮበት በድጋሚ እንዲቀርብ ወስኗል። ለቀጠሮ ቀን ሰው ይዘው ለመሄድና ለማስታወስ ፈቃደኛ የሆኑ ነዋሪዎች ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ ይጠየቃሉ።)